ጋንና ሁለት ማማሰያ

በቅሎዋ ዳገቱን ጨርሳ ሜዳው ላይ ስትወጣ አፏ አረፋ ደፍቆ ነበር። ቀለም ነካሪዋ ግን አሁንም በተረከዟ ጎኗን መጎሰሟን አላቆመችም። ከኋላ ታላቅ ወንድሟ ሃምሳ አለቃው፣ በአንድ እጁ ጎራዴው ጭኑን እንዳይመታው ይዞ፣ በሌላው ቆቡን ደግፎ ይሮጣል። በቅሎዋ የእሱ ናት። ለእህቱ ሲያስረክባት "እኔ በእግሬ እቀድምሻለሁ" ብሎ ፎክሮ ነበር፤ ከወታደርነት ከወጣ ወዲህ ግን ከራሱ ደጃፍ እስከ ጎረቤት ደጃፍ ካልሆነ በቀር ሮጦ አያውቅም።

"ቁሚ! ትእዛዝ ነው፣ ቁሚ!" ይላል ትንፋሹ እየተቆራረጠ። ሲደክመው ሰው ሁሉ ወታደሩ ይመስለዋል።

"ጋሼ፣ ከቆምን ቀለሙ ይሄዳል!"

"ቀለም እግር የለውም!"

"እሱ ግን አለው።"

እሱ ያለችው ባሏን ነው፤ ማለትም እስካለፈው ወር ድረስ ባሏ የነበረውን ሰው። ሰዉ በቅጽል ስሙ አፈ ቅቤ ይለዋል፤ ደረቅ ድንጋይ ዳቦ ነው ብሎ ሊሸጥ ይችላል፣ ገዢውም አመስግኖ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ሲኖሩ ፊት ለፊት "አንቱ"፣ ከኋላ ደግሞ "እሳቸው" ስትለው ኖራለች። ከተፋቱ ወዲህ በሌለበት "እሱ" ማለትን ለምዳለች። ፊት ለፊት ምን እንደምትለው ገና አታውቅም፤ ፊቱን ማየት አልቻለችማ። ስትፈልገው ሁልጊዜ "አሁን ወጡ" ነው።

በዚያ ዘመን በገበያው ዱቤ የሚወስድ የንግድ ቤት ሁሉ የየራሱ ምልክት ነበረው። የአንጥረኛው መዶሻ፣ የገመድ ሻጩ ቋጠሮ። የእነሱ ምልክት ጋን ነበር፤ በጋኑ ላይ ሁለት ማማሰያዎች ተጣምረው፣ አንዱ እሱ፣ አንዱ እሷ። ምልክቱን በሁለት የነሐስ ቁርጥራጮች ላይ አስቀርጸው አንዱን እሱ በወገቡ፣ አንዱን እሷ በአንገቷ ይዘው ይዞራሉ። ነሐሱን ያሳየ ዕቃውን ይወስዳል፤ ነጋዴውም ያው ምልክት በጋለ ብረት የታተመበትን የእንጨት ሰሌዳ ከግድግዳው አውርዶ በቢላዋ አንድ ጭረት ይጭርበታል። "በማን ይያዝ?" ሲሉ መልሱ አንድ ነው፣ "በቤቱ ይያዝ።" ባልም ሚስትም "በቤቱ" ሲሉ ኖሩ። አፈ ቅቤ ትንሽ አብዝቶ ይል ነበር እንጂ።

ይህን ነካሪዋ ታውቅ ነበር፤ ማወቅ ብቻ ሳይሆን ይከነክናትም ነበር። ነገር ግን የነከረ እጅ ገበያ ለገበያ ለመዞር አይመችም። ሰማያዊ ቀለም በጋን ውስጥ እንደ ሰው ነፍስ አለው፤ ካላማሰሉት ይኮርፋል፣ ሙቀቱን ካልጠበቁለት ይሞታል። እሷ ክንዷን እስከ ክርኗ እያጠለቀች ጋኖቹን ስታስታምም ገበያውን፣ ዱቤውን፣ ሰላምታውንና ሳቁን ለሱ ተወችለት።

የፍቺው ቀን ዳኛው ንብረት ሲያካፍል አፈ ቅቤ ለአንድ የመዳብ ድስት ግማሽ ቀን ተከራከረ። በቅሎዎቹን ወሰደ። በእጅ ያለውን ገንዘብ ወሰደ። ተነክሮ የደረቀውን ጨርቅም ወሰደ። በመጨረሻ ዳኛው "ቤቱንስ የሚረከበው ማን ነው?" ሲል፣ ነካሪዋ ጋኖቿ ዓይኗ ላይ ድቅን አሉባት። እስከ አንገታቸው መሬት ውስጥ የተቀበሩ ናቸው፤ ተነቅለው የትም አይሄዱም፤ ውስጣቸው ያለውን ቀለም አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳይሞት ያቆየችው እሷ ናት።

"እኔ!" ብላ ጮኸች። "ቤቱን ከነምናምኑ እረከባለሁ!"

ለድስት ግማሽ ቀን የተሟገተው ሰው፣ ቤት የሚያህል ነገር ሲሄድበት ቃል አልተነፈሰም። ጭራሽ ፈገግ አለ። እሷ ደግሞ፣ ሞኟ፣ የድሮው ፍቅር ትዝ ብሎት መስሏት ሆዷ ባባ።

ፈገግታው የገባት የገበያው ሹም ዘንድ ስትቆም ነው። ሹሙ ጺሙን እያፍተለተለ የሚናገር፣ ለምንም ነገር የማይቸኩል ሰው ነበር።

"በንግድ ቋንቋ፣ እሜቴ፣ ቤት ማለት ግድግዳ አይደለም። ስሙ ነው። ስሙን ከተረከቡ በሰሌዳው ላይ ያለውን ጭረት ሁሉ ተረክበዋል።"

"እኔ የተረከብኩት ጣራውንና ጋኖቼን ነው!"

"ከነምናምኑ ብለዋል። በዳኛ ፊት።"

"ብያለሁ!"

"ምናምኑ እንግዲህ ዕዳው ነው።"

ደሟ ፈላ፤ ግን ዋጠችው። "እሺ፣ የድሮው ይሁን። አብረን በልተነዋል። ከተፋታን በኋላ እየዞረ የሚወስደውስ?"

"ነሐስ አሳይተው ነው የወሰዱት።"

"እንግዲያው ሰሌዳዬን አውርዱልኝ። ዱቤው ዛሬ ይዘጋ።"

"ሁለቱ ነሐሶች አንድ ላይ ሳይቀርቡ ሰሌዳ አይወርድም። እርስዎ የያዙት አንዱን ነው። ባልዎን ይዘው ይምጡ።"

"ባል ቢኖረኝ እዚህ ምን እሠራ ነበር?"

ሹሙ ይህን አሰበበት። "እንግዲያው የፈቱትን ባልዎን ይዘው ይምጡ።"

የፈታችውን ባሏን ልትይዝ ወደ ተከራየበት ቤት ሄደች። አሁን ወጡ። በማግስቱ ሄደች። አሁን ወጡ። በሰሌዳው ላይ ግን ጭረቱ ይበዛ ነበር፤ ኮርቻ፣ አዲስ ጫማ፣ ቀጥሎም ቁመት ሙሉ የሚያሳይ መስታወት። ኮርቻውን ቻለችው። ጫማውንም ቻለችው። መስታወቱ ነው አንጀቷን ያሳረራት። ጋን ስታማስል ፊቷን የምታየው በቀለሙ ላይ ነበር፤ እሱ አሁን በእሷ ዕዳ ቆሞ ራሱን ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ይመለከታል።

ዛሬ ጠዋት ሁለት የገበያ ዘበኞች መጥተው "እትዬ፣ እስከሚቀጥለው የገበያ ቀን ካልተከፈለ በሩ በሰም ይታሸጋል" ብለዋት ሄዱ። በሩ ከታሸገ ጋኖቹን የሚያማስል የለም፤ ካልተማሰሉ ደግሞ ይሞታሉ። ዘበኞቹ ከመንገዱ ሳይጠፉ ሃምሳ አለቃው የባሰ ወሬ ይዞ ደረሰ። በየዓመቱ አንዴ የሚመጣው የቀለም ነጋዴ ዛሬ ኬላው ላይ ያርፋል፤ የዓመቱ ሰማያዊ ቀለም ሁሉ ገና ሳይፋቱ በቤቱ ስም ታዝዟል፤ አፈ ቅቤም በቅሎዎቹን ጭኖ ሊረከብ ሄዷል። ጭነቱን ይዞ ከኬላው ማዶ ባለው ከተማ ሊቸረችረው ነው። ጭረቱ የሚቀረው እዚህ ነው። ያ ጭረት ከተጫረ ቤቱ የሷ አይደለም፤ ጣራውም፣ ጋኖቹም፣ ምኑም።

ኬላው በሁለት ቋጥኞች መካከል የተጋደመ ወፍራም ግንድ ነው። ከግንዱ አጠገብ የኬላው ሹም ጉንጩ አብጦ፣ በጨርቅ ታስሮ፣ አገጩን በመዳፉ ደግፎ ተቀምጧል። ጥርሱን ያመዋል፤ ያለፈ ያገደመው ሁሉ የጥርሱ ጠላት ነው። ከፊቱ በነጭ ጺሙ ላይ የመንገድ አቧራ የተኛበት ሽማግሌ የቀለም ነጋዴ፣ ሰሌዳውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ቢላዋውን መዝዟል። አፈ ቅቤ የመጨረሻዎቹን ከረጢቶች በበቅሎዎቹ ላይ እያስጫነ ነው። አዲሱን ጫማ ተጫምቷል።

"ቢላዋውን ያንሱ!" ነካሪዋ ከበቅሎዋ ሳትወርድ ጮኸች። "አባቴ፣ እንዳይጭሩ!"

ሽማግሌው ቀና አለ። አፈ ቅቤም ዞረ፤ ለአፍታ ፊቱ ላይ የታየውን ድንጋጤ ፈገግታው ዋጠው።

"እንኳን ደህና መጣሽ! በዚህ ፀሐይ ምን አንከራተተሽ?"

ነካሪዋ ዘላ ወረደች። መንገዱን ሁሉ ስታጠናው የመጣችው ስድብ ጉሮሮዋ ላይ ነበር። "ነሐሱን ይመልሱልኝ!" አለችና ከንፈሯን ነከሰች። ይመልሱልኝ! የልማድ ነገር ሆኖ አሁንም አንቱ ብላዋለች። ያውም በዚህ ሁሉ ንዴት ውስጥ።

"ምንድን ነው ጩኸቱ?" የኬላው ሹም በአንደኛው የአፉ ጎን ጠየቀ።

"ምንም አይደል፣ ጌታዬ።" አፈ ቅቤ እጁን በአየር ላይ አገላበጠ። "ባለቤቴ ናት። ትንሽ ተኳርፈን ነው፣ የቤት ነገር። ይጫሩ አባቴ፣ በቤቱ ይያዝ።"

ይህን ሲሰማ ሃምሳ አለቃው፣ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ፣ ጎራዴውን ሊመዝ ያዘ። ጎራዴው ከአፎቱ ጋር ዝጎ ከተጣበቀ ዓመታት አልፈውታል። ሁለቴ ሳበው። በሦስተኛው ከነአፎቱ ተደግፎት ቆመ።

"ውሸት ነው!" አለ በጎራዴው ፈንታ። "ተፋተዋል! እኔ ምስክር ነበርኩ!"

ሽማግሌው ነጋዴ ቢላዋውን ወደ አፎቱ መለሰ። "ተፋታችሁ?" አለ፤ የሰማው ሞት ነው የሚመስለው። "እኔ ከዚህ ቤት ጋር ስሠራ ስንት ዘመኔ። አልሰማሁም።"

"ማን ይነግርዎታል፣ አባቴ? እሱ ነው የሚነግርዎት?"

የኬላው ሹም ግንዱን በጡጫው መታ። የመታው ግንዱን ቢሆንም ያመመው ጥርሱን ነው። "ዝም በሉ! እኔ አስታራቂ ሽማግሌ አይደለሁም። ጭነቱ ከኬላዬ ከማለፉ በፊት ዕዳው በማን እንደሚያዝ ማወቅ አለብኝ። የዚህ ቤት ባለቤት ማን ነው? አንተ ተናገር፣ ነሐሱን ያሳየኸው አንተ ነህ።"

አፈ ቅቤ ጉሮሮውን ጠረገ። እዚህ ላይ "እኔ ነኝ" ቢል ጭረቱ ሁሉ፣ ኮርቻውም መስታወቱም፣ ተጠራቅሞ እራሱ ላይ እንደሚወድቅ ከማንም በላይ እሱ ያውቃል።

"እውነቱን ልናገር፣ ጌታዬ" አለ፤ ድምፁም ለሰለሰ። "ቤቱን የተረከበችው እሷ ናት። በዳኛ ፊት፣ በገዛ አፏ፣ ከነምናምኑ ብላ። ስለዚህ ዕዳ ካለ የቤቱ ነው፣ ቤቱም የሷ ነው። እኔ የለሁበትም።"

ከነምናምኑ። ይህ ቃል አንድ ወር ሙሉ እህል ሲያስተፋት፣ እንቅልፍ ሲነሳት ነበር። አሁንም ስትሰማው ጆሮዋ ጋለ፤ ልትጮህበት አፏን ከፈተች። ከዚያ የገበያው ሹም ጺሙን ሲያፍተለትል ታያት። ምናምኑ እንግዲህ ዕዳው ነው። ዕዳው ብቻ ነው እንዴ ምናምን?

"እስቲ እንደገና ይበሉት" አለች ቀስ ብላ።

"ምኑን?"

"አሁን ያሉትን። እኚህ አባት ጆሯቸው ደከም ሳይል አይቀርም።"

"ጆሮዬ ደህና ነው" አለ ሽማግሌው ቅር ብሎት።

አፈ ቅቤ ግን መናገር ሲያስጀምሩት አይጠላም። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እጁን ዘርግቶ፣ በቅሎ ነጂዎቹ ሁሉ እስኪሰሙት ደገመው፤ "ቤቱ ከነምናምኑ የሷ ነው!"

"ሰሙ፣ ጌታዬ?" ነካሪዋ ወደ ኬላው ሹም ዞረች። "ቤቱ የኔ ነው ብሏል። ይህ ቀለም የታዘዘው በቤቱ ስም ነው። ያ ነሐስ የቤቱ ነሐስ ነው። እንግዲያው ምናምኔን ከሰው በቅሎ ላይ ያውርዱልኝ።"

አንድ በቅሎ ነጂ ሳቀ። አፈ ቅቤ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ስትኖር ቃል ጠፍቶት ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ብዙም አልቆየ።

"ቆይ፣ ቆይ! ምን ለማለት ፈልጌ ነው... ባለቤቴ ናት አልኩ እኮ። ፍቺ ብሎ ነገር ቁጣ ነው፣ ይበርዳል። እኔና እሷ አንድ ቤት ነን። አይደለም እንዴ፣ የኔ ሰማያዊ?"

የኔ ሰማያዊ። በሠርጋቸው ሰሞን እንዲህ ይላት ነበር። ነካሪዋ የምትጠላው ይህን ነው፤ አሁንም፣ ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ቃሉ አንድ ቦታ ነካት።

የኬላው ሹም ጉንጩን በሁለት እጁ ያዘ። "ጥሩ። አንድ ቤት ከሆናችሁ ዕዳው የሁለታችሁ ነው። የድሮውም የዛሬውም። መያዣ እወስዳለሁ። በቅሎዎቹን ከዚያ ዛፍ ጋር እሰሯቸው።"

"በቅሎዎቹን?"

"በቅሎዎቹን። ሚስትህ ናት ወይስ አይደለችም? አንዱን በል፤ ጥርሴ ሊገድለኝ ነው።"

አፈ ቅቤ በቅሎዎቹን አየ። አሳምረው የተቀለቡ፣ አንገታቸው የወፈረ በቅሎዎች ናቸው፤ ፊተኛዋ አዲሱን ኮርቻ ተጭናለች። ከዚያ ሚስቱን አየ፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ሰማያዊ፣ ነጠላዋ በላብ ትከሻዋ ላይ የተጣበቀ። ከዚያ መልሶ በቅሎዎቹን አየ። ነካሪዋ ከእሷና ከበቅሎ መካከል ሲመርጥ ቆማ ጠበቀችው። እንዲመርጣት አልፈለገችም። እንዲህ ፈጥኖ ይመርጣል ብላ ግን አላሰበችም ነበር።

"ተፋተናል" አለ።

ነሐሱን ከወገቡ ፈትቶ ግንዱ ላይ አኖረው። ከረጢቶቹ ወረዱ። ለኬላው ሹም እጅ ነስቶ፣ ለበቅሎ ነጂዎቹ አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ፣ ባዶ በቅሎዎቹን እየነዳ ግንዱን አለፈ። አንድ ቀን እንኳ ሳይቀልድ መሄድ አይችልም።

"ደህና ሁን" አለች ነካሪዋ ከኋላው። ሁን። ቃሉ አፏ ውስጥ እንደ ሰው ልብስ ሰፋት። እሱ ዞሮ አላየም፤ ሰምቶ እንደሆነ ግን ትከሻው ትንሽ ደንገጥ አለ።

ነሐሱን አንስታ በአንገቷ ካለው ጋር አሰረችው። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው፤ የገበያው ሹም ከእንግዲህ ሰበብ የለውም፤ ነገ በጠዋት ሰሌዳዋ ከየግድግዳው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ማንም በስሟ ኮርቻ አይገዛም። የተጫረው ግን ተጭሯል። መስታወቱን እሷ ትከፍለዋለች፣ ሲያስቡት ያሳብዳል፣ ግን ትከፍለዋለች። ቀለሙ በእጇ ከገባ አበዳሪዎቹ ጨርቁ እስኪወጣ ይታገሱ ይሆናል።

ሽማግሌው ነጋዴ ግን ከረጢቶቹ ላይ ወጥቶ ተቀመጠባቸው።

"ልጄ፣ አትቀየሚኝ" አለ። "እኔ ያመንኩት ቤቱን ነው። ቤቱ ሁለት ሰው ነበር። አንቺ ትነክሪያለሽ፣ እሱ ይሸጣል። አሁን ማን ይሸጥልሻል?"

የተናገረው እውነት ነው፤ ይህ ነው የባሰ ያናደዳት። አንድ ወር ከሹም ደጅ ሹም ደጅ ተንከራትታ፣ ባሏን በገዛ አፉ ይዛ፣ ነሐሱን አስጥላ፣ አሁን ደግሞ ይኼ! እንባዋ መጣ። የሐዘን አልነበረም።

"አባቴ፣ ሰው የሚለብሰው ጨርቁን ነው ወይስ የሱን አፍ?"

ሽማግሌው የጺሙን አቧራ ማራገፍ ያዘ።

"መልሱልኝ እንጂ! ዝናብ ቢመታው፣ ቢያጥቡት፣ ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት የማይለቀው ምኑ ነው? ወሬው ነው? አላውቅም መሸጥ። አላውቅም! ጨርቁን ገበያ መሃል ዘርግቼ አጠገቡ እቆማለሁ። ዋጋው ይህ ነው እላለሁ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨምርም።"

"ዋስ እኔ ነኝ!" አለ ሃምሳ አለቃው ደረቱን ነፍቶ።

"ምን አለህ?" አለ ሽማግሌው።

"በቅሎ።"

ሽማግሌው አረፋዋ ገና ያልደረቀውን በቅሎ አየ፤ ስለ እሷ ምንም አላለም። ከከረጢቶቹ ላይ ወረደ። የራሱን ኩታ ጫፍ ሳብ አድርጎ ለብርሃን አቀረበው፤ ከእነሱ ቤት የወጣ ነው፣ ከብዙ ዓመት በፊት። ጠርዙ ተበልቷል፤ ሰማያዊው ግን እንደነበረ ነው።

"ግማሹን እሰጥሻለሁ" አለ። "ግማሹን ብቻ። የቀረውን በሚመጣው ዓመት፣ ይህን ስትከፍይ።"

ግማሽ! ልትከራከር አሰበች። ከዚያ ጋኖቹ ከጠዋት ጀምሮ እንዳልተማሰሉ ትዝ አላት።

"እሺ።"

"በማን ይያዝ?" አለ የኬላው ሹም ዓይኑን ጨፍኖ።

"በቤ..." አለችና ቆመች። "በእኔ። በእኔ ይያዝ።"

የድሮውን ሰሌዳ ሰጥቷት ሽማግሌው ከዕቃው መካከል ያልተነካ እንጨት አወጣ፤ የማተሚያ ብረቶቹንም ከኬላው እሳት ውስጥ ከተተ። ከፍሙ ሲወጡ ቀልተው ነበር። በክቡ ብረት የጋኑን አፍ ተጫነ፤ በቀጭኑ ጎንና ጎኑን አወረደ። ከዚያ ማማሰያውን፣ ከታች ወደ ላይ፣ አንዴ ተጫነ። ስንት ዘመን የለመደው እጁ ነውና ቀጭኑን ብረት አዙሮ ለሁለተኛው አነሳው።

ነካሪዋ ሰማያዊ እጇን ዘርግታ ክንዱን ያዘችው።

"ይበቃል፣ አባቴ" አለች። "ማማሰያው አንድ ነው።"